ጋሪ የሆነው ሰው

ከተማ የሚባል ሰው ጅጅጋ ውስጥ ሃያ ዓመት ጋሪ ነዳ፤ በስልሳ ሁለት ዓመቱ ደግሞ ራሱ ጋሪ ሆነ። ይህን የምለው ለማጋነን አይደለም። ነገሩን መጀመሪያ የተናገረችው ሚስቱ እናትአለም ናት፤ እሷ ደግሞ በርበሬ ስትሸጥም ሆነ ባሏን ስትናገር ሚዛኗ የማይዛባ ሴት ናት።

«ሰው ጋሪ ይነዳል፣ ጋሪ ላይም ይሳፈራል። ጋሪ የሚሆን ግን ካንተ በቀር አላየሁም» አለችው አንድ ማክሰኞ፣ ያበጠ ጉልበቱን በሞቀ ውሃ እያሸችለት።

ነገሩ የጀመረው በ2004 ዓ.ም. የካቲት ላይ ነው። ከተማ ወደዚህ አገር የመጣው ከሸዋ በጭነት መኪና ነበር፤ ሐርተሼክ መጠለያ ጣቢያ እህል ሲያወርድ ከርሞ፣ ወገቡ እምቢ ሲለው ጋሪ ገዛ። ጋሪው አሳደረው፣ ልጆቹን አስተማረለት። ከዚያ ባጃጅ ጅጅጋን ሞላትና ጋሪ የሚሳፈር ሰው ጠፋ። ባለጋሪዎችም ከአስፋልቱ ውጡ ተባሉ። ጋሪው ግቢ ውስጥ ቆሞ የዶሮ ማደሪያ ሲሆን፣ ፈረሱ ግን መብላቱን አላቆመም። ፈረሱ ግንባሩ ላይ ነጭ ስላለው ቦራ ይባላል፤ አሥራ ሦስት ዓመት ያንን ጋሪ ጎትቷል።

በዚያው ሰሞን ዋርዳ የምትባል ፊዚዮቴራፒስት፣ ወደ ካራማራ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለ አንድ የቀድሞ የከብት ማድለቢያ ከባለቤቱ ለምና አገኘች። ናይሮቢ ለሥልጠና ሄዳ ያየችውን ነገር እዚህ ልትሞክር ነው። ሰውነታቸው አልታዘዝ ያላቸውን ልጆች ፈረስ ላይ አውጥቶ ቀስ እያሉ ማዞር። ፈረሱ ሲራመድ የልጁ ወገብ አብሮ ይነቃነቃል፣ ሲነቃነቅም ሳይታወቀው ራሱን መሸከም ይማራል ብላ፣ ፈረስ ስታፈላልግ ላገኘችው ለከተማ አስረዳችው። ደመወዝ የለም፣ ሁሉም በፈቃዱ ነው የሚያገለግለው፤ ለፈረሱ ግን ድርቆሽ አለ አለችው። ከተማ ስለ ወገቡ የተባለውን ግማሹን አመነ። ስለ ድርቆሹ የተባለውን ሙሉ በሙሉ አመነ።

የመጀመሪያው ቀን ቦራ ወይ ፍንክች አለ። ብርድ ልብስ ታጥፎ ጀርባው ላይ ተነጠፈ፣ ባቱሎ የምትባል የስድስት ዓመት ልጅ ተቀመጠችበት፤ ዐዎ የምትባለው እናቷ በቀኝ፣ ዋርዳ በግራ ሆነው ጭኗንና ጀርባዋን ያዙ። ከተማ ከኋላ የልጓሙን ገመድ ይዞ «መጭ» አለ። ቦራ ጆሮውን ብቻ አዞረ። ቢለምኑት፣ ቢገፉት፣ ቢቆጡት እዚያው ነው። ከተማ ትንሽ ካሰበ በኋላ ገባው። ቦራ ለግጦሽ ሲለቀቅ እንደማንኛውም ፈረስ ይሄዳል፤ ልጓም አፉ ከገባ ግን ከኋላው ክብደት እስኪሰማው ድረስ ተሳፋሪ እየጠበቀ ነው። አሥራ ሦስት ዓመት የተማረው ይህንኑ ነው።

በጋሪው ሁለት የቆዳ ጠፍሮች አሮጌ ጎማ ከኋላው አስረው ሞከሩ። ጎማው ድንጋይ ሲያገኝ እየያዘ፣ ሲለቀው እየዘለለ ልጅቷን አንገጫገጫት፤ ዐዎ አለቀሰች። ከተማ ጎማውን ፈታና ሁለቱን ጠፍሮች በገዛ ወገቡ ዙሪያ አሰረ። ወደ ኋላ ዘንበል ብሎ ተረከዙን መሬት ላይ ተከለ። ቦራ የለመደውን ክብደት አገኘ፤ ተነፈሰና መራመድ ጀመረ። ልጅቷም ያለምንም መንገጫገጭ ሄደች፣ ምክንያቱም ሰው እንደ ጎማ አይደለም፣ የት ጠበቅ የት ላላ ማድረግ እንዳለበት ያውቃል። ዋርዳ አጨበጨበች፣ ከተማም ኮራ። ጉድ የሠራችው ያቺ ኩራት ናት።

ማክሰኞና ቅዳሜ ጠዋት አምስት ልጆች ይመጣሉ፣ ለእያንዳንዳቸው ሃያ ዙር። ከተማ መቶ ዙር ሙሉ ከፈረስ ኋላ ይጎተታል። ባቱሎ ሁልጊዜ የመጨረሻዋ ናት፤ ዐዎ ልጇን አዝላ የምትመጣው ከከተማው ማዶ ነውና ቀድማ አትደርስም። ለባጃጅ ያላት ቀን በባጃጅ፣ ያጣች ቀን በእግሯ። ሌሎቹ ልጆች አንድ ቀን ቢቀሩ ያን ያህል ጉዳት የለውም። ባቱሎ ግን ቀነ ገደብ ነበራት። የሰፈራቸው መዋዕለ ሕፃናት ኃላፊ፣ አግዳሚ ላይ ለብቻዋ መቀመጥ ከቻለች ለመስከረም እቀበላታለሁ፣ የሚይዛት ሰው ግን የለኝም ብሏል። ምዝገባው ነሐሴ መጨረሻ ላይ ይዘጋል። የሚቀጥለው ዓመት ዕድሜዋ ያልፋል። ዐዎ ይህን ለከተማ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የነገረችው፤ አንዴ መስማቱ በቅቶታል።

ሚያዝያ ላይ ወገቡ ጀመረው። ሰኔ ላይ ጉልበቱ አበጠ። ከቤቱ ሲወጣ ሁልጊዜ፣ ዛሬስ እነግራቸዋለሁ ይላል። ደክሞኛል፣ ሌላ ሰው ፈልጉ። መንገዱን ሙሉ ሲያሰማምረው ይሄዳል፣ ድምፁን ሳይቀር ያስተካክላል። ከዚያ ዐዎ በላብ ተጠምቃ ትደርሳለች፣ ልጇን ከጀርባዋ አውርዳ ወገቧን በሁለት እጇ ይዛ ቀና ትላለች።

«አዴር» ትለዋለች፤ በሶማልኛ አጎቴ እንደማለት ነው። «አላህ ጤና ይስጥህ። ዋላሂ፣ አንተ ባትኖር እኛ ምን እንሆን ነበር?»

እንዲህ የተባለ ሰው እንዴት አድርጎ ነው ደክሞኛል የሚለው? ከተማ ጠፍሩን ያነሳና ወገቡ ላይ ያስራል።

ዋርዳም ትጠይቀዋለች። «ጋሽ ከተማ፣ ደከመዎት እንዴ? ሰው ልፈልግ?»

«ኧረ እኔ ምንም አልል።»

ይህች «ምንም አልል» የምትባል ነገር በእውነት ታናድደኛለች። ይሉኝታ ስንቱን ጎበዝ እንደ ጨረሰው ማን ያውቃል። አንድ ቃል ቢናገር ነገሩ በአምስት ደቂቃ ያልቅ ነበር፤ እሱ ግን ቃሉን ውጦ ቤቱ ይገባል፣ ቤቱም እናትአለም ሁሉንም ቃል ሳትውጥ ትጠብቀዋለች።

ነገሩ የፈነዳባት ቅዳሜ ነሐሴ አሥራ ዘጠኝ ናት። ሌሊቱን ዘንቦ ሜዳው ጭቃ ሆኗል። ከተማ አራቱን ልጆች እንደምንም ጨረሰና ባቱሎ ፈረሱ ላይ ወጣች። ዋርዳ ሰሞኑን እጇን ላላ ልታደርግ ትሞክራለች፤ ዐዎ ግን በተቃራኒው ጠበቅ ታደርጋለች። «ትወድቃለች ዋርዳ፣ ተይ» ትላለች። ስለዚህ ልጅቷ እንደ መጀመሪያው ቀን በአራት እጅ ተይዛ ትዞር ነበር። አሥራ አራተኛው ዙር ላይ የከተማ ተረከዝ ጭቃው ውስጥ ሰመጠ፤ ሲያወጣው ጉልበቱ ውስጥ የሆነ ነገር ቀጭ አለ።

አንሸራትቶት ወደቀ ብል ደስ ባለኝ። በኋላ ሰው ያወራውም እንዲያ ነው። ግን አልወደቀም። ከተማ እጁን ወደ ወገቡ ሰድዶ ቋጠሮውን ራሱ ፈታው። ከዐዎም ሆነ ከዋርዳ ጋር ሳይነጋገር፣ በቃኝ ብሎ ፈታውና ጭቃው ላይ ቁጭ አለ። ያን ጊዜ በልቡ ውስጥ ባቱሎም፣ መስከረምም አልነበሩም። እዚያው መቀመጥ ብቻ ነው የፈለገው።

ቦራ ክብደቱ ሲጠፋበት ቀጥ ብሎ ቆመ። ሁለቱ ሴቶች ዞር ሲሉ ሽማግሌው ጭቃ ላይ እግሩን ዘርግቶ ተቀምጧል። ሮጡ።

«አዴር! ምን ሆንክ? ልብህን ነው?» ዐዎ ተንበርክካ ጭንቅላቱን ደገፈችው። ዋርዳ የልቡን ምት ለመስማት የእጁን አንጓ ያዘች። ከዚያ ዐዎ እጆቿን አየቻቸው። ሁለቱም ከተማ ላይ ናቸው። የዋርዳንም አየች፤ እነሱም ከተማ ላይ ናቸው። ዞር ለማለት ፈርታ ትንሽ ቆየች፣ ከዚያ ዞረች።

ባቱሎ ፈረሱ ላይ ተቀምጣለች። ወደ ግራ ጋደል ብላለች፣ በሁለት እጇ የቦራን ጋማ ጨብጣለች፣ ትወዛወዛለችም፤ ግን ተቀምጣለች። ዐዎ ልትሮጥ ስትል ዋርዳ ሻርፗን ጨምድዳ ያዘቻት።

«አትንኪያት። ቆይ።»

መንገዱ ላይ አንድ ባጃጅ እየተንፈቀፈቀ መጥቶ፣ አልፎ፣ ድምፁ እስኪጠፋ ድረስ ቆዩ። ልጅቷ አልወደቀችም። ዐዎ አፏን በሻርፗ ይዛ ማልቀስ ጀመረች፣ ወደ ከተማም ዞራ መረቀችው። አንተ ወድቀህ ልጄን አነሳሃት አለችው።

ምርቃቱን ተቀብሎ ዝም ቢል ማንም አያውቅበትም። ግን ለመዋሸት እንኳ አቅም አልነበረውም። «አልወደቅሁም» አላት። «ራሴ ነኝ የፈታሁት። ደክሞኝ። ትቻችሁ ነበር።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው የደከመህ?»

«ከሚያዝያ።»

«ለምን አትናገርም?»

«አንቺ አዝለሻት ስትመጪ እያየሁ?»

ዐዎ ዓይኗን ጠረገች። «እኔም እኮ ክንዴ ደንዝዟል። ሐምሌ ላይ፣ ብለቃት ትችል ይሆን ብዬ አስቤያለሁ። ግን አንተ ከኋላ እየተጎተትክ፣ እኔ እጄን ላሳርፍ እንዴት እላለሁ? አፈርኩ።»

ተያዩ። ሁለቱም ያሰሉት የነበረው ያንኑ ነገር ነው፣ ስንት ዙር በከንቱ እንደሄደ። ከተማ ሊስቅ ፈለገ፣ ንዴቱ ግን አላስቀው አለ።

ምዝገባውን አሁኑኑ ነግሬ ልገላግላችሁ። በሳምንቱ ባቱሎ ኃላፊው ፊት አግዳሚ ላይ ተቀመጠች፣ ስሟም ተጻፈ። እኔ የምነግራችሁ ግን ያንን ቅዳሜ ነው።

ዋርዳ፣ ሳንይዛት የቀሩትን ዙሮች እንሞክር አለች። ከተማ ሊነሳ ሲል ዐዎ ትከሻውን ተጭና አስቀመጠችው። ጠፍሩን ከጭቃው አንስታ በቀሚሷ ላይ ወገቧን ታጠቀችበትና ወደ ኋላ ተለጠጠች። ከተማ ከተቀመጠበት «መጭ» አለ። ቦራ የማን ክብደት እንደሆነ ግድ አልነበረውም፤ ሄደ። ዋርዳ አንድ እርምጃ ያህል ራቅ ብላ፣ እጆቿን ወደ ታች ለቅቃ ከጎን ከጎን ትራመዳለች።

ከተማ ስድስት ወር ሙሉ ያየው የቦራን ጭራና የልጅቷን ጀርባ ነበር። አሁን ዙሩ ተጠማዝዞ ወደ እሱ ሲመጣ ፊቷን አየው። ደስ ብሏት የሚያገኛት መስሎት ነበር፤ ለዚያ ፈገግታ ሲል አይደል እንዲህ የሆነው። የመጣው ፊት ግን ፈገግታ አልነበረበትም። ግንባሯ በላብ ርሷል፣ ከንፈሯን ነክሳለች፣ ዓይኖቿ የት እንደሚያርፉ ያጡ ይመስላሉ። ቀኑን ሙሉ ጆንያ ሲያወርድ የዋለ ሰው ፊት ነው። ከተማ ያንን ፊት ያውቀዋል።

«ባቱሎ፣ ደከመሽ?» አላት በሶማልኛ።

ቃል ከአፏ የሚወጣው በግድ ነው። ቦራ አጠገቡ እስኪደርስ ድረስ ቆይታ ተናገረች። «በጣም፣ አወው» አለችው፤ አያቴ ማለቷ ነው። «ድሮም ይደክመኝ ነበር። ማንም አልጠየቀኝም።»

ከተማ ጉልበቱን ተደግፎ ተነሳና ቦራን በልጓሙ ያዘው።

«ጋሽ ከተማ፣ ገና አራት ዙር ይቀራታል እኮ» አለች ዋርዳ።

«ልጅቷ ደክሟታል» አለ ከተማ። «ለዛሬ ይበቃል።» እጁን ዘረጋላትና ራሱ አወረዳት።