ለዓሦች የተደገሰ ድግስ

ሰው ዓሣን እንደ ሠርገኛ በግድ ሲያበላ ያየሁት እዚሁ ሰቆጣ ነው። ደጋሹ የሟች ባሌ አጎት ነበሩ፤ የዓሣ እርባታ ማኅበራችን ሊቀ መንበር።

ማኅበሩ ውስጥ የገባሁት ከአበርገሌ ያመጣኋቸውን ፍየሎች ሁሉ ሸጬ ነው። ሌላ ሀብት አልነበረኝም። ስለዚህ ኩሬውን እንደ ዓይኔ ብሌን እጠብቀው ነበር። ጠዋት ጠዋት ፉርሽካና የኑግ ፋጉሎ ለውሼ ትንሽ ትንሽ እበትናለሁ፤ ዓሦቹ መሻማት ሲተዉ እኔም እጄን እሰበስባለሁ። የተረፈው ከሥር ይበሰብሳል፤ የበሰበሰው የውሃውን አየር ይጨርሳል። ይህን ለማወቅ ማሽተት ይበቃል። ሊቀ መንበራችን ግን አፍንጫ የተሰጣቸው ለመንፋት ብቻ ነበር።

ከዞን እንግዶች ይመጣሉ ተባለ። ሽማግሌው ሊቀ መንበር በዋዜማው፣ ለእንግዶቹ ከተጠመቀው ጠላ የቀረውን አተላ በባልዲ እያስቀዱ ኩሬው ውስጥ አስገለበጡት።

"በሬ ያደለበ አተላ ዓሣ ማድለብ ያቅተዋል?" አሉ፣ ትልቅ ነገር የፈለሰፉ ይመስል።

ጠዋት ስደርስ ዓሦቹ አፋቸውን ከውሃው በላይ ከፍተው ያለከልካሉ። እንግዶቹ ከበው በስልካቸው ይቀርጿቸዋል።

"አያችኋቸው? ርቧቸው ሲለምኑ ነው" አሉ ሽማግሌው በኩራት።

ይህን የሰማ እንግዳ ሁሉ ፉርሽካ እየዘገነ ወረወረ። አንዱማ፣ ደግነቱ አላስቀምጥ ብሎት፣ የያዘውን ዳቦ ሳይቀር ቆርሶ ጣለላቸው።

"ኧረ እባክዎ ያስቁሟቸው! አየር አጥሯቸው ነው እንጂ አልራባቸውም" አልኳቸው።

"በእንግዳ ፊት እህል ትሰስቻለሽ? አታዋርጂኝ እንጂ!"

እንግዶቹ ሳቁ። እነሱ ቸር፣ እኔ ንፉግ ሆንኩ። ቀጥሎ ንግግር ተደረገ፤ ተጨበጨበ። እኔን ያንገሸገሸኝ ከአተላው ሽታ ይልቅ ያ ጭብጨባ ነው።

ከሰዓት በኋላ የኩሬው ፊት በሞቱ ዓሦች ተሸፈነ። እንግዶቹ ጠላቸውን ጠጥተው ሄደዋል። ሽማግሌው በከዘራቸው አንዱን ዓሣ ገፋ አደረጉና፣ "ከመጡት ውስጥ ዓይነ ክፉ ነበረበት" ብለው ፈረዱ። አተላው ትዝም አላላቸው።

ቀጥለውም ሊያጽናኑኝ ፈለጉ። "አይዞሽ፣ እንደገና የዓሣ ጫጩት እናስገባለን። አንቺም አንድ ሁለት ፍየል ትሸጫለሽ" አሉኝ።

ፍየሎቼ እፊታቸው ሆዳቸውን ወደ ሰማይ ሰጥተው ተንሳፍፈዋል።