በአያቴ ሰዓት ላይ የቆመችው ቆጣሪ

አያቴ በጎኑ ሁለት ቁልፍ ያለው አሮጌ የስፖርት ሰዓት ነበራቸው። ከቤት ስወጣ አንዱን ይጫኑና ቀይዋን የሰከንድ ቆጣሪ ዘንግ ያስነሷታል፤ ስመለስ ያቆሟትና በሌላው ወደ ቦታዋ መልሰዋት «ቆየሽ! ወሬ ይዞሽ ነው?» ይሉኛል።

ታመው ሳለ ጠበል ላመጣላቸው ቤተ ልሔም ገዳም ስሄድም ቁልፉን ተጭነው አስነሷት። ስመለስ አርፈው ነበር። ሰዓቱም የሚሞላው አጥቶ ቆመ፤ ቆጣሪዋም ከቦታዋ እንደወጣች ቀረች።

ዓርብ ዕለት አጎቴ ለተዝካራቸው ወጪ ሊሸጠው አርብ ገበያ ከተማ ወሰደው። ልቤ አላርፍ ብሎኝ ተከተልሁት። ገዢው «ይቺ ወደ ቦታዋ ትመለሳለች?» ብሎ ቁልፉን ሊጫን ሲል፣ ሰው ፊት ቀና ብዬ የማላውቅ እኔ «ተው! እኔን ስትጠብቅ ነው የቆመችው!» ብዬ ጮኽሁ።

አጎቴ አየኝ። «በይ፣ ቤት ያለውን ሙክት እንሸጣለን» ብሎ ሰዓቱን እጄ ላይ አሰረልኝ።

ዛሬም ከወጣሁበት ሁሉ ለመመለስ እቸኩላለሁ። በሩ ላይ ደርሼ ጥቂት እቆማለሁ፤ «ቆየሽ» የሚለኝ ግን የለም።