ፊቱ ወደ ጭቃው የዞረው ጋዜጣ

በ1994 ዓ.ም. ነበር፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል። ትናንት ልጄ ለትምህርት ቤት ሥራዋ የዱቄት ሙጫ ስታበስል ሽታው ያንን ሰሞን መለሰልኝ።

ነቀምቴ፣ ቡርቃ ጃቶ የነበረው ቤታችን የጭቃ ነበር። አዲስ ዓመት ሲቃረብ እናቴ ሙጫ ታበስላለች፣ እኔ ጋዜጣ እዘረጋለሁ፤ በአሮጌው ላይ አዲሱን እንለጥፋለን። የቆየውን ማንም አይገነጥለውም። ግድግዳችን በየዓመቱ እየወፈረ ሄደ። ቤት ውስጥ የምንነጋገረው በኦሮምኛ ስለነበር አማርኛ ማንበብ የለመድኩት ከዚያ ግድግዳ ነው።

በዚያ ዓመት ሙጫው ሳይበስል የሰፈራችን ባለሱቅ መጣ። ከጉራጌ አገር መጥቶ ከተማችን ውስጥ የኖረ ሰው ነው። የጦርነት ወሬ ያለባቸውን የድሮ ጋዜጦች ይሰበስባል። ጎረቤቶች "ስኳር መጠቅለያ አልቆበት ነው" እያሉ ይስቁበታል። እሱም አብሮ ይስቃል።

"ስንቱን ጦርነት ስኳር ጠቅልዬበት ሸጬዋለሁ! አሁን ነው የቆጨኝ።"

እናቴን እንደ እናቱ "አዴ" ብሎ በኦሮምኛ ሰላም አላት። "አከም ቡልተን፣ አዴ? የሶማሊያ ጦርነት ጊዜ ጋዜጣ እርስዎ ጋ አለ አሉኝ።"

እናቴ ወደ አልጋዋ ራስጌ ዞረች። ጋዜጣው ላይ ታናሽ ወንድሟ ነበረ። ከውጊያው በኋላ ከጓደኞቹ ጋር ታንክ ላይ ተቀምጦ የተነሳው ፎቶ ነው። ሌላ ፎቶ የለውም። ጋዜጣውን አንድ ጎረቤት አስተማሪ አምጥቶላት ነበር። መርዶው ሲመጣ መቅደድ አልሆነላትም፣ ማየትም አልቻለችም። ፊቱን ወደ ጭቃው አዙራ ከአልጋዋ ራስጌ ለጠፈችው። ከዚያ ወዲህ በላዩ ላይ ስንት ዓመት ተለጠፈበት።

"ውሰደው" አለችው በመጨረሻ። "ብቻ ፊቱን አንዴ ልየው።"

"ፎቶ ቤት አስነስቼ፣ አሳድጌ አመጣልዎታለሁ። እኔ ጋዜጣው ይበቃኛል።"

እናቴ ዓይኗን ጨፍና አጭር ጸሎት አደረገች። ባለሱቁ ፎጣ በሙቅ ውሃ እየነከረ ግድግዳው ላይ ይጫን ጀመር፤ እኔ በማንኪያ ጀርባ እፈቀፍቃለሁ። እርጥብ ወረቀትና የኮመጠጠ ዱቄት ሸተተን። ዓመታቱ ወደ ኋላ ይላጡ ጀመር፤ ኳስ ጨዋታ፣ የቡና ዋጋ፣ የማላውቃቸው ባለሥልጣናት። በመስኮቱ የሚገባው ብርሃን ቢጫ ሲሆን የመጨረሻው ገጽ ጋ ደረስን።

"ሱታ፣ ሱታ" አለች እናቴ። ቀስ በሉ ማለቷ ነው።

ባለሱቁ ጠርዙን ይዞ ሳበ። ወረቀቱ ለሁለት ተሰነጠቀ። ጀርባው እጁ ላይ እንደ ገንፎ ቀረ፤ የታተመው ፊቱ ከጭቃው ጋር ተጣብቆ አልላቀቅ አለ። ባለሱቁ ወለሉ ላይ ተቀመጠ።

"አጠፋሁት፣ አዴ።"

እኔ ግድግዳውን አየሁ። ጭቃው ላይ ፊደሎች ነበሩ፣ ከጀርባቸው ስለሚታዩ ሁሉም ተገልብጠው። ሮጬ መስተዋት አመጣሁና ፊት ለፊቱ ያዝኩት። ፊደሎቹ ቀኝና ግራቸውን አገኙ፤ የውጊያው ወሬ ተነበበ። ከሥሩ ታንኩ፣ ታንኩ ላይ ወጣቶቹ። ስወለድ ያልነበረ ሰው ከቤታችን ጭቃ ውስጥ ያየኝ ነበር።

እናቴ ከትከሻዬ በላይ ጎንበስ አለች። ትንፋሿ አንገቴን ነካኝ።

"ይስቅ ነበር እንዴ?" አለች። "ዋቃዮ፣ አምላኬ፣ ይስቅ ነበር! ረስቼው ነበር እኮ።"

ባለሱቁ ባርኔጣውን አወለቀ። "ስንት ጋዜጣ አለኝ፣ እንዲህ ያለ አይቼ አላውቅም" አለ ቀስ ብሎ። ባዶ እጁን ወጣ፤ በሩ ላይ ሁለት ጊዜ ዞሮ አየ።

ዛሬ ያ ቤት የለም። መንገድ ሲሰፋ ፈረሰ፤ ጭቃውን ዝናብ ወሰደው። እናቴም ወደ ጌታዋ ሄዳለች። መስተዋቱ እኔ ጋ ነው። ያንን ሳቅ ላሳየኝ እግዚአብሔር ምስጋና ይድረሰው።

ያኔ፣ ባለሱቁ በሄደ በማግስቱ ጠዋት፣ ሙጫ አበሰልኩ። ግድግዳውን ሁሉ በአዲስ ጋዜጣ ለጠፍኩ፣ እሱ ያለበትን ቦታ ብቻ ተውኩ። ከዚያ ከአልጋዋ ግርጌ በኩል ሚስማር መትቼ መስተዋቱን ሰቀልኩ፤ እናቴ ዓይኗን ስትገልጥ ወንድሟ በትክክሉ ዞሮ እንዲታያት።