የቆረጠ ይቋጥር

የአጎቴ ፒንሳ ከምሰሶው ላይ እንደተሰቀለ ነው፤ የሚያወርደው የለም።

በጣሊያን ጊዜ፣ ከጎረቤት በሬ ጋር አቀናጅተን የምናርስበት ብቸኛ በሬያችን ጋፋት አጠገብ በነበረው የጣሊያኖች ምሽግ እሾሃማ ሽቦ ተጠላለፈ። እኔ ሳባብለው አጎቴ ፒንሳቸውን ይዘው ደረሱ።

«መምህሬ፣ በሬ ፊደል አይቆጥርም፤ ቀንዱን ያዝልኝ» አሉ፣ ፊደል አስተማሪነቴን እየቀለዱብኝ።

ፒንሳ ጉልበት የሚኖረው ከመጋጠሚያው አጠገብ ነውና ሽቦውን እዚያ አስነክሰው፣ እጀታውን ከጫፉ ጨብጠው ቆረጡት። በሬው ወጣ።

«የምሽጉ ዘበኛ ሳያየን ይምጡ እንጂ» አልኳቸው።

«የቆረጠ ይቋጥር» አሉ፤ አጥር ሲያበጁም ቃላቸው ይኸው ነበር። «ተከፍቶ ካገኙት መንደሩን ያቃጥሉታል።»

ሁለቱን ጫፎች በዚያው ፒንሳ ጠምዝዘው አያያዟቸው። ኋላ ዘበኛው ሽቦው እንደተያያዘ አይቶ አለፈ።

የተዝካራቸው ጤፍ የበቀለው ያ በሬ ባረሰው ማሳ ነው። ጎረቤቶቻችንም ካልተቃጠለ ቤታቸው መጥተው በሉ። አጎቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።