የሚያስቀው መጽሐፍ

ሌክውድ ከተማ ድረስ እየነዳሁ ሄጄ የምንከባከባቸው ጃፓናዊ አዛውንት ዕድሜያቸውን የፈጁት በሥዕል የሚተረኩ የልብወለድ መጻሕፍት ሲሠሩ ነው፤ ግማሹ የሚያስፈራ፣ ግማሹ የሚያስቅ። የሚያስፈራው አንባቢውን እያሳቀ ቢያስቸግር አሳታሚያቸው አሰናበታቸው። አሁን ዓይናቸው ደክሟል፣ ምግብም እምቢ ብለዋል።

አንድ ቀን መደርደሪያውን ዳብሰው አንዱን አወጡ። “አስቂኙ ይሄ ነው፤ በእንግሊዝኛ ነው። አንብቢና እውነቱን ንገሪኝ። አንድ ሰው ከሳቀልኝ እበላለሁ።”

እኔ ፊደልን ያለ አስተማሪ የለየሁ ሴት መጽሐፍ ያሸንፈኛል? ኦሮራ ከተማ ያለው ቤቴ ገብቼ ገለጥኩት። አንዲት እናት የሞተ ልጇን በየቀኑ አጥባ፣ አልብሳ ትምህርት ቤት ትልካለች። መብራቱን ሳላጠፋ አደርኩ። በማግስቱ አፌ ልጓም የለውምና፣ “አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ፣ ይሄ ያስፈራል እንጂ አያስቅም” አልኳቸው። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ሴት ልጃቸው ኩሽና ጠርታኝ፣ “አንቺ ደግሞ! የኛ መጽሐፍ ከቀኝ ወደ ግራ ነው የሚነበበው። ከመጨረሻው ጀምረሽ ነው” አለችኝ። ጉድ ፈላ! ቤቴ ወስጄ ከቀኝ ጀመርኩት። ጭራሽ ባሰ። ጠዋት ስመለስ ግን ሾርባው እንደቀረበ ደርቆ አገኘሁት፤ አንጀቴ አልችል አለና ዋሸሁ።

“አባባ፣ አሁን ገና ገባኝ፤ ሆዴን እስኪያመኝ ሳቅሁ!”

ጭናቸው ላይ ሌላ መጽሐፍ ነበር።

“ልጄ ማታ ሽፋኑን አነበበችልኝ፤ አስቂኙ ይሄኛው ነው” አሉ። “ለካ ለአንቺ የሰጠሁሽ የሚያስፈራውን ነበር። በመጨረሻ አንድ ሰው ፈራልኝ ብዬ ቁርስ ልጠይቅሽ እየጠበቅሁሽ ነበር። አንቺም ሳቅሽበት?”