የሐምዱ ዓይን

አክስቴ ወለተ ሐዋርያት ቁይ ገበያ ዳር ተወልዳ፣ እዚያው አርጅታ የሞተች ሴት ነበረች። በፈትል የሚያህላት አልነበረም። ክሯን የሚሠራላት ከገበያው በታች የሚኖረው ሸማኔ ሐምዱ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ልቃቂቱን በአጥር አቀበለችው፣ ሸማውንም በአጥር ተቀበለችው፤ ደጁን ረግጣ አታውቅም። የተሠራላትንም ጠበል ሳታስረጭበት አትለብሰውም። እስላም ነው፣ ሸማኔ ነው፣ ስለዚህ ዓይኑ ሰው ይበላል ባይ ናት። ሁላችንም እንደዚያው ነበርን። እኔም በደጁ ሳልፍ ፊቴን በነጠላዬ እሸፍን ነበር፤ ዛሬ ሳስበው አፍራለሁ።

ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ ነውና፣ በ1951 ዓ.ም. አንድያ ልጇን ጤናዬን ሐምዱ የሠራውን አዲስ ቀሚስ አለበሰቻት። ልጅቱ ታቦት ልትሸኝ ስታልፍ ሐምዱ ከደጁ ቆሞ፣ "ያምርብሻል" አላት። እንትፍ ማለቱን ረሳ። ያማረ ነገር አይቶ "እንትፍ፣ ከዓይን ያውጣሽ" ሳይሉ ማለፍ በእኛ አገር ቀላል ጥፋት አይደለም። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ጤናዬ ሞተች።

ያን ሰሞን ቁይን የፈጃት ተስቦ ነበር። የሐምዱም ልጅ ያሕያ በዚያው ሳምንት ሞቷል፤ እሱን ማን በላው ብሎ የጠየቀ ግን የለም። አክስቴ "ሐምዱ በላብኝ" አለች፤ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ድምፅዋን ሳታነሣ። በቃ። የገበያው ሴት ሁሉ ክሩን ወደ ጉንደ ወይን ሸማኔዎች ወሰደ። ሐምዱም ከዚያ ወዲያ በሰው ፊት ዓይኑን ከመሬት አያነሣም።

አክስቴ አላለቀሰችም። ትፈትላለች። ሲያቀርቡላት ትበላለች፣ ካላቀረቡላት አትጠይቅም። ልቃቂቱ ቅርጫቱን ሞልቶ መደቡ ላይ ተከመረ።

ሙት ዓመቱ ሲቃረብ መቁረብ ፈለገች። ሳልቆርብ ከሞትኩ ጤናዬን በሰማይ አላገኛትም የሚል ፍርሃት ነበራት፤ የቀራት ፍርሃት እሱ ብቻ ነው። የንስሐ አባቷ አባ ገብረ ኪዳን የጠየቋትን ኋላ እሷው ነግራኛለች።

"ቂም አለብሽ?"

"የለብኝም አባ። ሐምዱ ልጄን መብላቱ ብቻ ነው።"

"ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት" አሉ። "ሐምዱን ማን ፈጠረው?"

"እግዚአብሔር።"

"ዓይኑንስ?"

መልስ ሳይጠብቁ ቀጠሉ።

"የሚታየውንና የማይታየውን የፈጠረ እያልሽ በየጠዋቱ ትደግሚያለሽ። ሄደሽ ታረቂው። ያለዚያ አላቆርብሽም።"

ሦስት ቀን ልቃቂቷን እያየች ተቀመጠች። በአራተኛው ቀን ጠዋት ቅርጫቱን አሸክማኝ በሐምዱ ደጅ ገባች። መወርወሪያው ላይ ሸረሪት አድርቶበታል። ሚስቱ ቀድሪያ ውሃ ሰጠቻት፤ አክስቴ በእስላም ዋንጫ ስትጠጣ ያን ቀን አየሁ።

"በድዬሃለሁ፣ ይቅር በለኝ" አለችው፤ ጨው አበድረኝ በሚል ድምፅ።

"ሁላችንንም ይቅር ይበለን፣ እመት" አለ መሬት መሬቱን እያየ። "ምን ልሥራልዎ?"

"የምቆርብበትን ነጠላ።"

በሳምንቱ ነጠላውን ልትቀበል ስትሄድም አብሬያት ነበርኩ። ጠበል አልፈለገችም። እዚያው ደጁ ላይ ተከናነበችው።

"ቀና ብለህ እየኝ" አለችው።

"ይቅርብዎ፣ እመት።"

"እየኝ፣ ሐምዱ። ያምርብኛል?"

ቀና አለ። ዓመት ሙሉ ያላየነው ዓይን የደከመ ሰው ዓይን ነበር፣ ሌላ ነገር አልነበረበትም።

"ያምርብዎታል" አለ። እንትፍ ሊል ሲል፣ "ተወው" አለችው።

በመንገድ ምን እንደተሰማት ጠየቅኳት።

"ምንም" አለች።

ገበያው መግቢያ ስንደርስ ግን ቆመች።

"ለያሕያ ለቅሶ አልደረስንም እኮ" አለችኝ፤ ነጠላዋን ለለቅሶ አዘቅዝቃ ወደ ሐምዱ ቤት ተመለሰች።