ከእድር የተጻፈ የሥራ ልምድ

ልጄ ሥራ ልግባ ብላ፣ ታቦር ተራራ ሥር ካለው ሰፈራችን ወርደን ሲቪ ልናስጽፍ ኮምፒውተር ቤት የገባን ዕለት፣ ባለኮምፒውተሯ መጀመሪያ የጠየቀቻት «የመጨረሻ ሥራሽ መቼ ነበር?» ብላ ነው። ልጄ ጣቷን አጠፈች፣ ዘረጋች። ሰባት ዓመት። ሦስት ልጅ ማለት ነው። ድሮ ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ትሠራ ነበር፤ አሁን ደግሞ አንድ የግል ክሊኒክ ለካርድ ክፍሉ ሰው ፈልጎ ማስታወቂያ ለጥፏል። ማመልከቻ የሚዘጋው በዚያው ቀን አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው።

«ከዚያ ወዲህስ?» አለች ባለኮምፒውተሯ።

«ቤት ተቀምጬ ነበር።»

ዝም ማለት ነበረብኝ፣ አልቻልኩም። «መቼ ተቀመጥሽ?» አልኳት። «ሰባት ዓመት ሙሉ ቁጭ ብለሽ ምሳ ስትበዪ አላየሁሽም።»

«እማዬ ደግሞ! እንዲህ ነው እኮ የሚባለው።»

እውነቷን ነው፣ እንዲህ ነው የሚባለው። እኔም አሞራ ገደል ሐይቁ ዳር፣ ከዓሣ ጋር የሚበላ የቃሪያ ዳጣ እየፈጨሁ በምሸጥበት ዘመን አንድ የሕዝብ ቆጠራ መዝጋቢ ቤታችን መጥቶ ሥራዬን ቢጠይቅ፣ ባለቤቴ ነፍሱን ይማረውና «የላትም፣ ቤት ናት» ብሎ መለሰለት። እጄ ገና በቃሪያው ይለበልበኝ ነበር። እኔም አልተከራከርኩ። የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥኩም፤ ፊደል የለየሁት ኋላ ከዚህችው ልጄ የአንደኛ ክፍል ደብተር ላይ ነው። እና ምን ብዬ ልከራከር? ወሬ ወሰደኝ፤ ወደ ነገሬ ልመለስ።

ባለኮምፒውተሯ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ባዶ ከምንተወው አንድ ሱቅ ስትሠራ ነበር እንበል። ስንቱ እንዲህ ያደርጋል» አለች። ልጄ አንገቷን ደፋች። እሺ ልትል እንደሆነ ገባኝ። ብትዋሽ አንድ ቀን መያዝ አለ፤ ባትዋሽ ሰባት ዓመቷ ባዶ ወረቀት ነው።

«እድሩስ?» አልኩ ድንገት።

የሰፈራችን የሴቶች እድር ጸሐፊ እሷ አይደለችም? አምስት ዓመት ሆኗታል። ማን ለቅሶ እንደደረሰ፣ ማን እንደቀረ፣ ድንኳኑ ማን ቤት፣ ወንበሩ ማን ቤት እንዳለ፣ ልጅ ታቅፋ እያጠባች ትመዘግባለች። የማንንም ስም ጥሩላት፣ ሁለቴ ሳትገልጥ ታወጣዋለች። የካርድ ክፍል ሥራ ከዚህ በምን ይለያል?

«ማኅተም ያለው ደብዳቤ ካመጣችሁ እጽፈዋለሁ» አለች ባለኮምፒውተሯ።

ባጃጅ ይዤ ወደ ሰፈር በረርኩ። የእድራችን ሰብሳቢ ቤት ዳገቱ ላይ ነው፤ ባጃጁ እምቢ ሲል ወርጄ በእግሬ ወጣሁት፣ ነጠላዬ አንድ ጎን እየተጎተተ። ሰብሳቢዋ ከደጇ ሆና አየችኝና ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጫነች።

«ወይኔ! ማነው?»

«ማንም አልሞተም!»

«አትደብቂኝ እህቴ፣ ድንኳኑን ላስወጣ?»

«ኧረ ሲቪ ነው፣ ሲቪ!»

«እሱ ደግሞ ምን የሚሉት በሽታ ነው?»

ነገሩን ከሥሩ አስረዳኋት። ከዚያ በገዛ እጇ ጻፈችልኝ፤ ማኅተሙንም አንዱ ቢደበዝዝ ብላ ሁለት ቦታ መታችው።

ስመለስ አሥር ሰዓት ሆኗል። ባለኮምፒውተሯ ደብዳቤውን ጮክ ብላ አነበበች፦ «ጸሐፊያችን በቆየችባቸው አምስት ዓመታት አንድም ሟች ሳይመዘገብ አልተቀበረም።»

ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«እማማ» አለችኝ፣ «ክሊኒክ እኮ ነው! ስንቱ እንደተቀበረ የሚናገር ደብዳቤ ይዛ ትግባ?»

እኔ አፈርኩ። ልጄን ያዋረድኳት መሰለኝ። «ሄጄ ላስቀይረው» ብዬ ስነሳ፣ ልጄ ሳቀች። ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ እንዲያ ስትስቅ ካየኋት ቆይቻለሁ።

«ሰዓት የለንም፣ እማዬ። ደግሞ ውሸት የለበትም» አለች። ወደ ባለኮምፒውተሯ ዞራም፣ «ጻፊ» አለቻት። «ሁለት ዓመት ልጆች በማሳደግ ላይ። ቀጥሎ አምስት ዓመት፣ ልጆች እያሳደግሁ የሴቶች እድር ጸሐፊ።»

ማመልከቻው ሊዘጋ ሲል ክሊኒኩ ደረስን። የተቀበላት ሰውዬ ደብዳቤውን አነበበ፣ ጎን ያለውን ጠርቶ አስነበበው፣ ሁለቱም ሳቃቸውን ለማፈን አፋቸውን ያዙ። እኔ በር ላይ ቆሜ ስለት ተሳልኩ። ልጄ ግን ቀጥ ብላ ቆማ ወረቀቷ መዝገብ ላይ እስኪገባ ጠበቀች።

በአራተኛው ቀን ስልኳ ጮኸ። «የእድሩ ጸሐፊ ነዎት?» አለ አንድ ድምፅ። «ማክሰኞ ለፈተና ይምጡ።»

ፈተናው ገና ነው። ብዙ ሰው አመልክቷል አሉ፤ ትለፍ፣ አትለፍ አላውቅም። ጫማዋን ግን ለሰፊ ሰጥታለች። እኔ ደግሞ ትንሿን የልጅ ልጄን ከሰዓት ያለ እናቷ እንድትተኛ እያለማመድኳት ነው። የመጀመሪያው ቀን በሩን እያየች አለቀሰችብኝ። ትናንት ግን ጆሮዬን ጨብጣ እንቅልፍ ወሰዳት።